ስክሪኑ የማይገኝ ስልክ፣ ጉርሻው የማይስማማው ጠመንጃ

ባለፈው ክረምት መገናኛ ላይ ከታክሲ ስወርድ ስልኬ ወደቀ። አወዳደቁ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ በፊቱ። አንስቼ ሳየው ስክሪኑ የሸረሪት ድር መስሏል። «ምን ችግር አለው፣ እዚሁ ይቀየራል» ብዬ ስልክ ቤቶቹን በየተራ ማንኳኳት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ልጅ ገልበጥ አድርጎ አየውና «የዚህ ሞዴል ስክሪን የለም» አለኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አምስተኛው ትንሽ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ስልኩ ቆንጆ ነው፤ ግን ማንም የለውም» አለኝ።

እኔ እኮ የገዛሁት ማንም ስለሌለው ነበር። ካሜራው ከሌሎቹ ይሻላል፣ ባትሪው ይቆያል፣ ዋጋውም ቀነስ ያለ ነው። ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ አወዳድሬ ነው የገዛሁት፤ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ አይደለሁ! ከሠንጠረዤ የጎደለችው አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፦ «ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?»

የዚያኑ ዕለት ማታ በተሰነጠቀው ስክሪን ላይ የጋሼ ጥሪ መጣ። ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ዳላስ፣ ቴክሳስ ከገባ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ስለ ስልኬ ሳማርርለት ከት ብሎ ሳቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ያንቺን ስልክና የእኔን ጠመንጃ የያዛቸው አንድ በሽታ ነው» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ በሽታ ነው።

ጋሼና የቅዳሜ ሥራው

የጋሼ ሙያ ብረት ነው። አዲስ አበባ እያለ ቶርኖ ቤት ይሠራ ነበር። ዳላስም ሄዶ ያው ብረት ይቆርጣል፤ ማሽኖቹ ብቻ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ሆኑ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሰው ይቆርጣል፣ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ለራሱ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ያልተከለከለ ሰው ለራሱ መጠቀሚያ ጠመንጃ መገጣጠም ይችላል፤ ቴክሳስም አትከለክልም። እዚያ ነገሩ እኛ ሰፈር አሮጌ ቮልስ ገዝቶ እንደማደስ ያለ የትርፍ ጊዜ ፍቅር ነው። እኛ አገር ግን ሌላ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም መሥራትም ያስጠይቃል። ስለዚህ ይህን እንደ ኢኮኖሚ ወግ አንብቡት እንጂ እንደ መመሪያ አትያዙት። ተግባባን? እሺ።

ጋሼ 10 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ አንድ ሽጉጥ አለው። የብዙ ሰው ሽጉጥ 9 ሚሊ ሜትር ነው። እሱ ደግሞ፣ እናቴ እንደምትለው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚለብሰውን ልብስ አይለብስም። አንድ ቀን ሐሳብ መጣለት፤ «ለምን ይህንኑ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ አልሠራም? አንድ ዓይነት ጥይት እገዛለሁ፣ ሁለቱም ይበሉታል።»

«ለምን ትፈልገዋለህ ግን?» አልኩት። ቴክሳስ በዱር አሳማ የተጥለቀለቀች አገር ናት፤ ብዙ ሰው ለአደን ነው የሚፈልገው። ጋሼ ግን አሳማ ቀርቶ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። «ወረቀት ለመብሳት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ተኩስ መለማመጃ ሄዶ ወረቀት በስቶ ይመለሳል። ደስታው ያለው መሥራቱ ላይ ነው።

ሐሳቡ በራሱ አዲስ አይደለም። ዊንቸስተር በ1873 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጠመንጃ .44-40 የሚባል ጥይት ይጎርስ ነበር። ኮልት ደግሞ በ1878 ታዋቂ ሽጉጡን በዚያው ጥይት ማቅረብ ጀመረ። አንድ ቀበቶ ጥይት ለሁለት መሣሪያ በቃ ማለት ነው፤ ከከተማ ለራቀ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ዊልያም ዴ ሊስል የሚባል እንግሊዛዊ ሊ-ኤንፊልድ የተባለውን የእግረኛ ጠመንጃ ወስዶ .45 የሽጉጥ ጥይት እንዲተኩስ አደረገው። አፈሙዙን ከቶምሰን ንዑስ መትረየስ፣ ካዝናውን ከአሜሪካኖቹ ኮልት 1911 ሽጉጥ ወሰደ። ድምፁ እጅግ ዝቅተኛ ስለነበር ኮማንዶዎች ተጠቀሙበት። የተሠራው ግን 130 ገደማ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ዴ ሊስል አፈሙዝም ካዝናም ከባዶ መፍጠር አልነበረበትም። .45 በዚያን ጊዜ በየቦታው የሞላ ጥይት ስለነበረ የሚፈልጋቸው ዕቃዎች በሌላ መሣሪያ ላይ ተሠርተው ጠበቁት። ጋሼ ግን የመረጠው 10 ሚሊ ሜትርን ነው።

ጠመንጃ ሲታነቅ

በአማርኛ ጠመንጃ ጥይት «ይጎርሳል» እንላለን። ደስ የሚል አገላለጽ ነው፤ ችግሩንም በደንብ ይናገራል። ጉርሻው ካልተመጠነ ጎራሹ ይታነቃላ።

ጋሼ የመረጠው ጠመንጃ ኤአር-15 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ዕቃው እንደ ሌጎ ተፈታትቶ የሚገጣጠም፣ መለዋወጫው የትም የሚገኝ። ግን ይህ ጠመንጃ የታሰበለት ጥይት ርዝመቱ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጭንና ረጅም። የጋሼ ጥይት ከጫፍ እስከ ጫፍ 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ አጭርና ወፍራም።

የመጀመሪያው ራስ ምታት ካዝናው ሆነ። የጠመንጃው ካዝና መግቢያ ሰፊ ነው። የሽጉጥ ካዝና እዚያ ሲገባ የአባቱን ጫማ እንዳጠለቀ ሕፃን ይዋልላል። መሐል ላይ የሚገባ አስማሚ ያስፈልጋል። ለ9 ሚሊ ሜትር ቢሆን አስማሚው በየዓይነቱ ይሸጣል። ለ10 ምርጫው ጥቂት ነው፤ ጋሼ ያዘዘው ከአንድ ትንሽ ወርክሾፕ ነበር። ሲደርሰው ጥይቱን ዝቅ አድርጎ ያቀርባል። የጥይቱ አፍንጫ ደግሞ ጠፍጣፋ ስለሆነ የመጉረሻው ከንፈር ላይ ይጋጫል። ነከሰ። ያላቅቀዋል፣ ደግሞ ያጎርሰዋል፤ ነከሰ። ሲሞርድ፣ ሲለካ፣ ደግሞ ሲሞርድ ስድስት ቅዳሜ አለፈ።

ሁለተኛው ትንሽ ፊዚክስ ይፈልጋል፤ አትሽሹ። ጥይት ሲተኮስ ከኋላ በሩን የሚዘጋ ቦልት የሚባል ብረት አለ። በመደበኛው ኤአር-15 ላይ ቦልቱ እንደ በር መቀርቀሪያ ዞሮ ይቆለፋል። እርሳሱ በአፈሙዙ ውስጥ ሲያልፍ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ቁልፉን ይፈታዋል። የሽጉጥ ጥይት ግን ባሩዱ ጥቂት ነው፣ ፈጥኖም ይነዳል፤ ለዚያ ቱቦ አይመችም። ስለዚህ አብዛኞቹ የሽጉጥ ጥይት የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ቁልፉን ትተው በክብደት ይተማመናሉ። ቦልቱ አይቆለፍም፤ ከባድ ስለሆነ ብቻ ቶሎ አይከፈትም። በር ሳይቆልፉ ከኋላው ኩንታል ጤፍ እንደ ማስደገፍ ማለት ነው።

ታዲያ ኩንታሉ ስንት ኪሎ ይሁን? ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር እርሳስ 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ በሰከንድ 360 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ1983 የወጣው የመጀመሪያው የ10 ሚሊ ሜትር ጥይት ግን 13 ግራም እርሳስ በሰከንድ 365 ሜትር ገደማ ይወረውር ነበር። ክብደቱን በፍጥነቱ አባዙት፤ ግፊያው ከአንድ ከግማሽ እጥፍ በላይ ነው። ለ9 የተመጠነው ኩንታል ለ10 አይበቃም። ክብደት ሲጨመር ደግሞ ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር እንደ ጋሪ ይንገጫገጫል፣ ሞላው ይጠነክራል፣ በእጅ ስቦ ማጉረሱ ጂም መግባት ይሆናል።

ሦስተኛው ቀለሁ ነው። ባሩዱ የሚነደው በስስ ናስ ውስጥ ነው። ናሱ ብቻውን ያንን ግፊት አይችለውም፤ ዙሪያውን የያዘው ወፍራም ብረት ነው የሚሸከምለት። በሩ ግፊቱ ሳይበርድ ከተከፈተ፣ ወይም የናሱ ግርጌ በደንብ ካልተደገፈ፣ ናሱ ያብጣል። ከባሰም ይቀደዳል። ለ10 ሚሊ ሜትር የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 37,500 ፒኤስአይ ነው። የመኪና ጎማ የሚነፋው ወደ 30 ፒኤስአይ ነው፤ ልዩነቱን ለእናንተ ትቻለሁ። ይህ ሁሉ ደግሞ ከፊታችሁ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው የሚሆነው።

ሒሳቡ

እኔ ያው ልማዴ ነው፤ ደረሰኞቹን ላክልኝ አልኩት። አስማሚ ሦስት ጊዜ ገዝቷል፣ ቦልት ሁለት ጊዜ፤ ሞላውን ስንት ጊዜ እንደቀየረ ራሱም ረስቶታል። ስደምረው ለጠመንጃው ካወጣው ይልቅ ለማስማማት ያወጣው በለጠ። ቅዳሜዎቹን አልቆጠርኩም፤ ቅዳሜ በዳላስ ትርፍ ሰዓት ተብሎ የሚከፈልበት ቀን መሆኑን ግን አስታወስኩት። ስልኩ ለጥቂት ሰከንድ ዝም አለ። ኔትወርክ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ጥይቱ ራሱ አለ። 10 ሚሊ ሜትር ብዙ ጊዜ ከ9 ሚሊ ሜትር እጥፍ ገደማ ዋጋ ይሸጣል። ናሱና እርሳሱ እጥፍ ስለሆነ አይደለም። ፋብሪካ አንድ ማሽን ለ9 ሚሊ ሜትር አስተካክሎ ሲያበቃ ሳያቆም ያመርትበታል፤ ወጪው ለሚሊዮኖች ይከፋፈላል። ለ10 ሲሆን ማሽኑን አስተካክሎ ትንሽ አምርቶ ያቆማል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ጥይት ሲጠፋ ደግሞ ፋብሪካዎቹ መጀመሪያ የሮጡት ብዙ ሰው ወደሚፈልገው ነው። ወረፋው መጨረሻ ላይ የቆመው እንደ ጋሼ ያለ ሰው ነበር።

«አንድ ዓይነት ጥይት እገዛለሁ፣ ገንዘብ እቆጥባለሁ» ብሎ ነበር እኮ የጀመረው።

ካዝና ያጣው ሽጉጥ

10 ሚሊ ሜትር መጥፎ ስለሆነ አይደለም ብርቅ ሆኖ የቀረው። ታሪኩን ሳነብ እኔም የገረመኝ ይሄ ነው።

በ1983 ዶርናውስ ኤንድ ዲክሰን የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ብሬን ቴን የተባለ ሽጉጥ ይዞ ብቅ አለ። ጥይቱን የሠራው ኖርማ የተባለው የስዊድን ፋብሪካ ነው። ሽጉጡ ተወደደ። በ1984 የጀመረው ማያሚ ቫይስ ተከታታይ ፊልም ላይ ዋናው መርማሪ ይዞት ይታይ ነበር፤ ከዚህ በላይ ማስታወቂያ የለም። ግን ኩባንያው ካዝና በሰዓቱ ማግኘት አቃተው። ደንበኞች በውድ የገዙት ሽጉጥ ካዝና ሳይኖረው እጃቸው ገባ። መለዋወጫ ካዝናማ ጭራሽ አይታሰብም። ኩባንያው በ1986 ከሰረ። ስሙ የገነነ ሽጉጥ በቆርቆሮ ሳጥን ጠፋ፣ በቃ።

በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ማያሚ፣ ሚያዝያ ወር ላይ፣ የኤፍ.ቢ.አይ. መኮንኖች ከሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ሁለት መኮንኖች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ተቋሙ ከዚያ በኋላ የበለጠ ኃይል ያለው ጥይት ፍለጋ ገባና 10 ሚሊ ሜትርን መረጠ። አያችሁ፣ የሞተው ጥይት ዕድል አገኘ። ነገር ግን ሙሉ ኃይሉ ለብዙው መኮንን ከበደ፤ ባሩዱ ተቀነሰለት። ባሩዱ ከተቀነሰ ደግሞ ረጅም ቀለህ ምን ያደርጋል? በ1990 ስሚዝ ኤንድ ዌሰንና ዊንቸስተር ቀለሁን ወደ 3.6 ሚሊ ሜትር ገደማ አሳጥረው .40 የሚባለውን አወጡ። በትንሽ ሽጉጥ ውስጥ ይገባል። ፖሊሶች ወደ እሱ ጎረፉ፤ 10 ሚሊ ሜትር እንደገና ብቻውን ቀረ።

ግን አልሞተም። ለምን? ግሪንላንድ ውስጥ በውሻ በሚጎተት በረዶ መንሸራተቻ የሚዘዋወረው የዴንማርክ ሲሪየስ ቅኝት ቡድን የነጭ ድብ መከላከያ አድርጎ 10 ሚሊ ሜትር ግሎክ ሽጉጥ ይይዛል። ድብ ባለበት ጫካ የሚኖር ሰው፣ አሳማ የሚያድን ገበሬ፣ እነዚህ ሰዎች ኃይሉን በእርግጥ ይፈልጉታል። የሚገርመው ከ2015 ወዲህ ኤፍ.ቢ.አይ. ወደ 9 ሚሊ ሜትር ሲመለስና ሌሎችም ሲከተሉት፣ የተሰደበው .40ው ነው። ብዙ ሰው ስለያዘው ብቻ የኖረ ነገር ብዙ ሰው ሲተወው ይደነግጣል። ትንሽ ሰው ከልቡ የሚፈልገው ነገር ግን በትንሹ ይኖራል።

ጥይት ሳንቲም በነበረ ጊዜ

ይህን ለጋሼ ስነግረው «አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ኢኮኖሚክስ ታደርጊዋለሽ» አለኝ። ጥይትን ገንዘብ ያደረጉት ግን እኔ ሳልሆን ቅድመ አያቶቻችን ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ገበያዎች ትልቁ ገንዘብ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። ለትንንሽ ግብይት ግን ብሩ አይመነዘርም። እንደ ዝርዝር ሳንቲም ያገለገሉት አሞሌ ጨውና ጥይት ናቸው፤ በተለይ የውጅግራ ጥይት። ውጅግራ የምንለው በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል። አገሩ ውስጥ በብዛት ስለገባ ጥይቱን የሚቀበል ሰው አይጠፋም ነበር።

አስቡት፤ ያ ጥይት ሳንቲም የሆነው የዓለም ምርጥ ጥይት ስለሆነ አይደለም። ነገ የሚቀበለኝ ሰው አለ ብሎ ሁሉም ስላመነ ነው። የብርቅ ጠመንጃ ጥይት ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ግን የያዘው ናስ ብቻ ነው።

ኢኮኖሚስቶች ይህን የኔትወርክ ውጤት ይሉታል። አንድ ነገር ለእኔ ያለው ዋጋ ስንት ሌላ ሰው እንደያዘው ይወሰናል። ቴሌግራም የምትጠቀሙት ከሁሉም ስለሚበልጥ ነው ወይስ ጓደኞቻችሁ እዚያ ስላሉ? ቻርጀር ረስታችሁ ጓደኛችሁ ቤት ስታድሩ ታይፕ ሲ መሆኑ የሚያስደስታችሁ ለምንድን ነው? እዚህ ድረስ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ላይ ጽፌዋለሁ። ያልተማርኩት ቀጥሎ ያለውን ነው።

ያበጠው ቀለህ

ጥቅምት ላይ ጠመንጃው መተኮስ ጀመረ። ጋሼ ቪዲዮ ላከልኝ፤ አምስት ጥይት ሳይነክስ ወጣ። ልጅ እንደተወለደለት ሰው ነበር የሚያወራው። እናቴ እንኳ ምኑም ሳይገባት «ተመስገን» አለች።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድ ፎቶ ላከልኝ። የተተኮሰ ቀለህ መዳፉ ላይ ተቀምጧል፤ ግርጌው አካባቢ በአንድ በኩል ትንሽ ሆድ አውጥቷል። ከሥሩ «ይሄ ምን ይመስልሻል?» ይላል።

እኔ ምን አደረግሁ? «ስንት ወሯ ነው?» ብዬ ጻፍኩለት። ከነሚስቅ ስቲከሩ።

እሱም የሚስቅ ስቲከር መለሰልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄዶ ተኮሰ።

ናሱ ተቀደደ። ጋዙ የሚወጣበት ሲያጣ ወደ ታች በካዝናው በኩል ወጣ፤ ካዝናው ተፈናጥሮ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፣ አስማሚው ተሰነጠቀ። የናስ ስብርባሪ ግራ እጁን ሁለት ቦታ ቆረጠው። ፊቱ ላይ የመጣውን መነጽሩ ያዘለት። በቃ ይሄው ነው፤ ሁለት ስፌትና ጆሮው ውስጥ ለሁለት ቀን የጮኸ ፉጨት። ለባለቤቱ «ሥራ ላይ ቆረጠኝ» አላት። ለእኔ የነገረኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? አስማሚው የተገዛበት ወርክሾፕ? ቦልቱ? ለዚያ ቦልት የበዛ ኃይል ያለው ጥይት? ጋሼ እስካሁን አንዱን ለይቶ አያውቅም። ያንን ፎቶ ግን መቶ ጊዜ ተመልሼ አይቼዋለሁ። ጋሼ ፎቶውን የላከልኝ ሊያስቀኝ አልነበረም። እየጠየቀኝ ነበር። እኔ ደግሞ በዓለም ላይ ያንን ጥያቄ ለመመለስ የመጨረሻዋ ሰው ነኝ።

«ለምን ለእኔ ላክኸው?» አልኩት።

«ለማን ልላከው?» አለኝ።

ይህችን መልስ ነው ክፍል ውስጥ ያላስተማሩኝ። ጋሼ 9 ሚሊ ሜትር መርጦ ቢሆን ኖሮ፣ መለማመጃው ውስጥ አጠገቡ ከቆሙት አሥር ሰዎች አንዱ ቀለሁን ከመሬት አንስቶ «ወንድሜ፣ ዛሬ አትተኩስ፤ እኔም እንዲህ ሆኖብኝ ነበር» ይለው ነበር። ያ ሰው የሚታይ ዋጋ የለውም። ደረሰኝ አይቆረጥለትም፣ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። እኔ ኔትወርክ ማለት ርካሽ መለዋወጫ፣ ርካሽ ጥይት፣ በየሱቁ የሚገኝ ስክሪን ይመስለኝ ነበር። ትልቁ ነገር ግን እሱ አይደለም። ትልቁ ነገር ካንተ በፊት የተሳሳተ ሰው መኖሩ ነው። ብዙ ሰው የሄደበት መንገድ ላይ ገደሉ ጋ ሲደረስ የሚጮህ አይጠፋም። ብቻህን በሄድክበት መንገድ ገደሉን የምታውቀው ስትወድቅበት ነው።

ስለዚህ ምን? ሁላችንም አንድ ዓይነት ስልክ፣ አንድ ዓይነት ጥይት፣ አንድ ዓይነት ሕይወት እንያዝ? አይመስለኝም። ሁሉም ሰው የያዘውን ብቻ የሚይዝ ዓለም ውስጥ ብሬን ቴንም አይፈጠርም፣ የግሪንላንዱም ቅኝት ከድቡ ጋር ይፋጠጣል። ግን ብርቁን የመረጠ ሰው ዋጋውን በሙሉ ይቁጠረው። ፋብሪካውም፣ ጠጋኙም፣ ፈታኙም ራሱ ነው የሚሆነው። ጠርጥሮ የሚያቆመው ሌላ ሰው ስለሌለ የመጀመሪያዋን ምልክት ሲያይ መቆም ያለበትም ራሱ ነው። ያበጠ ቀለህ ለሌላው ሰው ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ግን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው።

የቁልፍ መያዣው

ጋሼ ጠመንጃውን ፈታታው። ዛሬ 10 ሚሊ ሜትር የሚጎርሱ ጠመንጃዎችን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ቦልቱን በክብደት ብቻ ሳይሆን ዞሮ እንዲዘገይ አድርገው ነው የሠሩት። «አንዱን ግዛና ተገላገል» አልኩት። «እሱማ መግዛት ነው፣ መሥራት አይደለም» አለኝ። ሱሱ አልለቀቀውም።

አንድ ነገር ግን አድርጓል። የለካውን፣ የሞረደውን፣ የቀየረውን፣ የተሳሳተውን ሁሉ ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፈ። ያንን ያበጠ ቀለህ፣ ከመቀደዱ በፊት የነበረውን ማለት ነው፣ በስቶ የመኪናው ቁልፍ መያዣ ላይ አንጠለጠለው። መለማመጃው ውስጥ የሚያየው ሰው ሁሉ «ይሄ ምንድን ነው?» ይለዋል። ጋሼም ይነግረዋል። ከእነሱ መካከል እንደ እሱ 10 ሚሊ ሜትር የጀመረ አንድ ወጣት አግኝቶ ደብተሩን ሙሉ ፎቶ አንስቶ ወሰደው። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ላይ የነበረው ደስታ ከአምስቱ ጥይት ቀን ይበልጥ ነበር።

ስልኬ ስክሪን እስካሁን አልተገኘለትም። በዚያው በተሰነጠቀው ነው ይህን የጻፍኩት። በቀደም ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ፎቶ ስመለከት አየና «ካሜራው ያምራል፤ ምን ስልክ ነው? ልገዛ ነው እኔም» አለኝ።

አትግዛ አላልኩትም። አዙሬ ስክሪኑን አሳየሁትና፣ መገናኛ እስክንደርስ ድረስ ሁሉንም ነገርኩት።